ጀርባዬን የገረፈኝ እንጉዳይ

ጠዋት ልብስ ስቀይር ባለቤቴ ነው ያየው። «ጀርባሽን ምን ነካሽ?» አለኝ፤ ድምፁ ተቀይሯል። መስታወት ፊት ዞሬ ቆምኩ። ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ድረስ ቀያይ ሰንበሮች ተጋድመዋል። ረጃጅም ናቸው፣ እርስ በርስ ይሻገራሉ። ልክ በአለንጋ የተገረፈ ሰው ጀርባ። ያሳክካል፣ ትንሽ ትንሽ ያቃጥላል።

እማዬ አየችና «ምች ነው» አለች። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ በእጇ አሽታ ቀባችኝ። ረፋድ ላይ ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤታችን ደግሞ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ጠጋ ብላ አየችኝ። «ኧረ ይሄስ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ እንዳትተዪው የኔ እህት» አለች። ሁለቱም ስለ እኔ ተጨንቀው ነው። እኔ ግን ፀሐይ ላይ አልዋልኩም፣ ላብ በላብ ሆኜም አልወጣሁም። አዲስ ነገር ያደረግኩት አንድ ብቻ ነው። ከሁለት ቀን በፊት፣ ዓርብ ዕለት፣ ሺታኬ እንጉዳይ በልቼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ለንግድ ወደ ቻይና፣ ጓንዡ ይመላለሳል። ያን ጊዜ ሲመለስ ለዐቢይ ጾም ብሎ አንድ ትልቅ ፌስታል የደረቀ ሺታኬ አመጣልኝ። «ሥጋ ሥጋ ይላል፣ ጾሙን ታልፊበታለሽ» አለኝ። መጋቢት ነበር። የባሕር ዳርን የመጋቢት ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ምድጃ አጠገብ መቆም ያስጠላል። ስለዚህ እንጉዳዩን ሃያ ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሲለሰልስ ከትፌ ከቲማቲም፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር ሰላጣ አደረግኩት። እሳት አልነካውም። ልጆቹ አንዴ ቀምሰው ተዉት። እማዬ «የጅብ ጥላ ልታበይኝ ነው?» ብላ እጇን ሰበሰበች። ሙሉውን ሳህን እኔ በላሁት።

በሦስተኛው ቀን ሰንበሩ ወደ ሆዴና ወደ ጭኔ ሲወርድ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ጀርባዬን አይቶ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ሰሞኑን እንጉዳይ በልተዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደነገጥኩ። እኔ ስለ እንጉዳይ ምንም አላነሳሁም። «እንዲህ ያለውን በመጽሐፍ ሥዕል ላይ ብቻ ነበር የማውቀው» አለኝ። አልማዝ ባለጭራ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ እንደሚወጣ፣ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች እንደሚኖሩት አስረዳኝ። የኔው ግን ግራና ቀኝ ነው፣ ውሃም አልቋጠረም። የሚያሳክከውን የሚያስታግስ እንክብልና ቅባት አዘዘልኝ። ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍም ነገረኝ፤ ልጆቼን አቅፌ የምተኛ እናት ስለሆንኩ ትልቁ እረፍት ያ ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ ጠፋ። ምልክትም አልተወ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሺታኬ ውስጥ ሌንቲናን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ጥሬውን ወይም ግማሽ የበሰለውን ሲበሉ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ሰንበር የሚያወጣው እሱ ነው ተብሎ ይታሰባል። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። የሚደርስበት ሰው ደግሞ ወዲያው አያውቀውም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው ሰው ከምግቡ ጋር የማያገናኘው። ጃፓኖች ናቸው መጀመሪያ የመዘገቡት፣ በ1977 እ.ኤ.አ.። ሙቀት ሌንቲናንን ስለሚሰብረው በደንብ የበሰለ ሺታኬ ይህን የማድረስ ዕድሉ በጣም ያነሰ ነው። የበሰለውም የማይስማማቸው ጥቂት ሰዎች ስላሉ መጀመሪያ ስትበሉ በትንሹ ጀምሩ። ከንፈር ማበጥ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ጉዳዩ ሌላ አለርጂ ነው፤ ቅባት ሳትፈልጉ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

ይህን የምጽፈው እንጉዳዩን እንድትሸሹ አይደለም። ዛሬ በእኛ ቤት ጾም በገባ ቁጥር ሳምንት ሁለቴ ይሠራል። ያ ሁሉ ሰንበር የወጣብኝ እኔም በደንብ አብስዬ እበላለሁ፤ ተመልሶ አልመጣብኝም። ቀሪውን ፌስታል ልጥለው ነበር። ባለቤቴ ነው «ሐኪሙ አብስለሽ ብዪ አለ እንጂ ጣዪ አላለሽም» ብሎ ያስቀረኝ። እንኳንም አስቀረኝ።

መጀመሪያ ስለ መዘፍዘፍ ልንገራችሁ፤ ግማሹ ጣዕም ያለው እዚያ ነው። የደረቀውን ሺታኬ በቀዝቃዛ ውሃ ፈጠን ብዬ አለቀልቀዋለሁ። ከዚያ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከትቼ፣ ከላይ ትንሽ ሳህን ጭኜበት (ካልተጫነ ይንሳፈፋል) ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ለአምስት ሰው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ፍሬ ይበቃል። ጠዋት ሳወጣው ውሃው የሻይ መልክ ይዟል። አፍንጫዬን ሳስጠጋው ዝናብ የመታው እንጨት ይሸተኛል። እንጉዳዩ አብጦ እንደ ጆሮ ጫፍ ለስልሷል።

መብራት ሲጠፋ ወይም ፍሪጅ ከሌለ እዚህ ከተማ ውጭ ማሳደሩን አልመክርም። የእኛ ሙቀት በአንድ ሌሊት ያበላሸዋል። እንደዚያ ሲሆን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ወዲያው አብስሉት። የፈላ ውሃ አትድፉበት። ከላይ ይለሰልስና መሐሉ ደረቅ ይቀራል፤ ጣዕሙም እንደ ቀዝቃዛው አይሆንም።

ያን ውሃ እባካችሁ አትድፉት። እኔ መጀመሪያ ላይ ደፍቼዋለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ታች ላይ አሸዋና የእንጨት ብናኝ ስለሚዘቅጥ ሳትበጠብጡ ቀስ ብላችሁ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። የመጨረሻዋን ሁለት ማንኪያ ተዉት። የቀረው ውሃ ሥጋ ሳይገባበት የሥጋ መረቅ ይመስላል። ይህም ምክንያት አለው። ኢኬዳ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት በ1908 እ.ኤ.አ. ኡማሚ ብሎ የሰየመውን ይህን ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ከባሕር አረም ለየ። ኩኒናካ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ ደግሞ ከዓመታት በኋላ በሺታኬ ውስጥ ያለው ጓኒሌት የሚባል ንጥረ ነገር ከኢኬዳው ጋር ሲገናኝ ጣዕሙ እጥፍ ድርብ እንደሚሆን አሳየ። ኢኬዳ ያገኘው ንጥረ ነገር ቲማቲም ውስጥም በብዛት አለ። ስለዚህ ቲማቲም ያለበት ቁሌት ላይ የሺታኬ ውሃ ስትጨምሩ ወጡ ድንገት ወፈር ያለ፣ የጠገበ ጣዕም ይይዛል። ሳይንሱን ሳላውቅ ምላሴ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

ቀጥሎ ግንዱ ነው። የሺታኬ ግንድ ጠንካራ ነው፤ የቱንም ያህል ብታበስሉት እንደ ጅማት ይታኘካል። ልጆቼ ያን ቀን የተዉት በዚህም ይመስለኛል። በመቀስ ከሥሩ እቆርጠዋለሁ። አልጥለውም። አጠራቅሜ ፀሐይ ላይ አደርቀውና በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ። ዱቄቱ ሽሮና ምስር ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ግን አደራ። ዱቄቱ ጥሬ ነው። የሚፈላ ወጥ ውስጥ ገብቶ አብሮ ይብሰል እንጂ እንደ ሚጥሚጣ ከላይ አይነስነስ።

አሁን ወደ ጥብሱ። እንጉዳዩ የመጠጠውን ውሃ በእጄ እጨምቀዋለሁ፤ የተጨመቀውም ወደ ተጠለለው ውሃ ይመለሳል። ግማሽ ጣት በሚያህል ውፍረት እቆርጠዋለሁ። መጥበሻውን ያለ ዘይት በደንብ አግላለሁ፤ ብረት ወይም የሸክላ ምጣድ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው። እንጉዳዩን ሳልከምር በትኜ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ መጥበሻው ላይ ውሃ ያቀርራል። አትንኩት። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀየራል፤ ሲጢጥታው ይደርቃል። ያን ጊዜ ሽታውም ይለወጣል። የእርጥብ እንጨቱ ሽታ ሄዶ የተጠበሰ ሥጋ ሽታ ይመጣል። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ገልብጡት። ይህ ብቻ ስምንት ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ዘይት የማደርገው ከዚህ በኋላ ነው። አስቀድማችሁ ካደረጋችሁ እንጉዳይ እንደ ስፖንጅ ይመጠውና ዘይት ዘይት ይላል። ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት በረዥሙ የተቆረጠ፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቀንበጥ የጥብስ ቅጠል። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ሦስት ጭልፋ ከዘፈዘፋችሁበት ውሃ ጨምሩና ክደኑት። አሥር ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ ክፈቱት፣ ውሃው ይምጠጥ፣ ቃሪያውን በመጨረሻ ጣል አድርጉ። ጨው መጨረሻ ላይ። ቀድሞ ከገባ ውሃውን ያስወጣውና ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል። እንዲህ ሲሆን ከእሳት ጋር የቆየበት ጊዜ ከሃያ ደቂቃ አያንስም። ለኔ ልክ ይህ ነው፤ ከዚህ በታች አልወርድም።

ውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች የሚያሳዩትን ቪዲዮ ተከትላችሁ «አምስት ደቂቃ ይበቃዋል» ብትሉ እኛ ጋ አይሠራም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ ሲቀቀል የሚያስቸግረን አንዱም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሺታኬ ወጥ ውስጥ ብቻ የሚበስል ከሆነ፣ ሳይጠበስ ማለቴ ነው፣ ከሠላሳ ደቂቃ በታች አላወጣውም።

ሽሮው ግን እማዬን ያሸነፈው ነው። እሷን ለማሳመን ምንም አልተናገርኩም። ዓመት ሙሉ «የጅብ ጥላ» ስትል ቆይታለች። አንድ ረቡዕ ሽሮ ስሠራ ተራ ውሃውን ትቼ የእንጉዳዩን ውሃ አፈላሁ። ከመቁላላቱ ጀምሮ እንደ ወትሮው ነው፤ ሽንኩርት፣ ትንሽ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የተከተፈ ቲማቲም። ውሃው ሲንተከተክ ሽሮውን በተንኩበት። የተጠበሰውን ሺታኬ ደቀቅ አድርጌ ከትፌ ጨመርኩ። በሸክላ ድስት ቀስ ብሎ ሃያ አምስት ደቂቃ ተንተከተከ። ውስጡ ምን እንዳለ ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ደብቄ ለሰው ምግብ ማቅረብ አልወድም፣ በተለይ አለርጂ ባለበት ነገር። «ትንሽ ልቅመስ» አለች። አንድ ጉርሻ ጎረሰች። ቆም አለች። ከዚያ እንጀራዋን ወደ ራሷ ጎተት አደረገች። «ቅቤ የገባበት ይመስላል እኮ፤ አልገባበትም አይደል?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ጾሟን በጣም ስለምትጠነቀቅ ነው። ዘይት ብቻ እንደሆነ ስነግራት ሌላ ጭልፋ አስጨመረች።

በአልጫ ላይ ከድንችና ከካሮት ጋር ይሄዳል፤ እርድና ዝንጅብል ይወዳል። ምስር ወጥ ላይ ግን በርበሬው ስለሚያፍነው ብዙም አይታወቅም። ጾም ሲፈታ ባለቤቴ የሚወደው የአሣ ጉላሽ ላይ ነው። ከሐይቁ ዳር ትኩስ ቀረሶ ይገዛል፣ እኔ መጀመሪያ ሺታኬውን አብስዬ ቁሌቱን እጨርሳለሁ፣ አሣው በመጨረሻ ገብቶ ስድስት ሰባት ደቂቃ ብቻ ይቆያል። አብራችሁ ካስገባችሁ አሣው ይፈራርሳል ወይም እንጉዳዩ ሳይበስል ይቀራል።

ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቆቡ ወፍራም፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ከላይ እንደ አበባ የተሰነጣጠቀው የተሻለ ነው። ገልብጡትና ከታች ያሉትን ክንፎች እዩ። ፈዛዛ ክሬም መልክ ካላቸው ጥሩ ነው፤ ከጠቆሩ ቆይቷል ማለት ነው። ሻጋታ ከሸተተ አትውሰዱት። እዚህ ከተማ ትኩስ እንጉዳይ ሳገኝ አብዛኛውን ጊዜ ኦይስተር የሚባለው ነጣ ያለው ነው። እሱም ይጣፍጣል፣ ቶሎም ይበስላል፤ የሺታኬን ያህል ወፍራም መረቅ ግን አይሰጥም። ደረቅ ሺታኬ ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ የእስያ ሸቀጥ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ የሚሄድ ሰው ስታገኙ አስልኩ።

ማስቀመጥ ላይ ሁለተኛውን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ፌስታሉን እንደተከፈተ ቁም ሳጥን ውስጥ ተውኩት። ክረምት ገባ። የኛ ቤት ሽምብጥ አካባቢ ለሐይቁ ቅርብ ነው፤ ሐምሌ ላይ ጨው እንኳን ዕቃው ውስጥ ይረጥባል። ነሐሴ ላይ ለፍልሰታ ስከፍተው ግማሹ ሻግቷል፣ ግማሹ ነቅዟል። የሻገተውን አራግፎ መጠቀም አይቻልም፣ ሁሉንም ጣልኩት። አሁን ክዳኑ በሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ደግሞ አንድ ቀን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ክንፎቹን ወደ ላይ አድርጌ። ይህ ከማድረቅ ያለፈ ጥቅም አለው። እንጉዳይ ፀሐይ ሲያገኘው ቫይታሚን ዲ ይሠራል። በመስኮት መስታወት በኩል የገባ ፀሐይ ግን ይህን አያደርግም፤ ደጅ መውጣት አለበት።

እማዬ «የጅብ ጥላ» ስትል የነበረው ስለ ሺታኬ ተሳስታ እንጂ ስለ ሌላው ትክክል ነበረች። ሐምሌና ነሐሴ ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ የከብት እበት ላይ እንጉዳይ ይፈላል። ነጭ፣ የሚያምር፣ ልጅን የሚስብ። ከመካከላቸው ጉበት የሚያጠፉ አሉ። እኔ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ስለ በደንብ ማብሰል ነው፤ ማብሰል ግን የመርዛማውን እንጉዳይ መርዝ አያጠፋውም። ሃያ ደቂቃ ብትጠብሱት፣ ሁለት ሰዓት ብትቀቅሉት ያው ነው። ስለዚህ ለልጆቼ የነገርኳቸው ቀላል ነው። ከሱቅ የመጣውን እናበስላለን፣ ከመሬት የበቀለውን አንነካም። ትንሹ ልጄ አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ ከጓሮ ነጭ እንጉዳይ ይዞልኝ ሮጦ መጣ፤ «እማ፣ ለሽሮ» ብሎ። አቅፌ እጁን በሳሙና አጠብኩት፣ ሁለታችንም አብረን ወጥተን የበቀለበትን ቦታ አየን፣ ለምን እንደማይበላ እዚያው ቁጭ ብለን ነገርኩት።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ለነገው ጾም አሥራ ሁለት ፍሬ ዘፍዝፌ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቻለሁ። ግንዶቹን ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ እማዬ ናት በረንዳው ላይ የምታሰጣቸው። ዝናብ ሲያንዣብብ ከኔ ቀድማ ታስገባቸዋለች።